አካሄዷን አይቶ መግዛት

በትንሽ ገንዘብ የምትገዛ፣ ያገለገለች፣ ስትነዳ ግን ልብ የምታስደስት አጭር መኪና መምረጥ የሐሙሲትን ወይም የደብረ ታቦርን ሰው የማይመለከት የባለጸጋ አገር ጨዋታ ነው የሚል ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰዷል። አውሮፓ ውስጥ የዚህ ምርጫ ታሪክ በደንብ ይታወቃል። ቮልስዋገን በ1976 እ.ኤ.አ. ጎልፍ ጂቲአይን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት በሚያደርስባት፣ የኋላ በሯ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ በሚከፈት የቤተሰብ መኪና ላይ 110 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገጠመባት። ክብደቷ 900 ኪሎ ስለማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በዋጋ ከሚበልጧት መኪኖች ጋር ትፎካከር ጀመር። እሷና ተከታዮቿ ሲያረጁ ዋጋቸው ወረደ፤ ደመወዝተኛው ወጣትም ገዛቸው። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው፣ ለአገልግሎት የሚገዛን መጓጓዣ በሚሰጠው የጉዞ ደስታ ጭምር መዝኖ መምረጥ በደቡብ ጎንደር ደጋ ከመኪና በፊት የነበረ፣ የራሱ አዋቂ፣ የራሱ ገበያና የራሱ መስፈርት ያለው ልማድ መሆኑን ነው። መስፈርቱ ጉልበት አልነበረም፤ መልክም አልነበረም፤ አካሄድ ነበር። ይህን መስፈርት ያስጣለን የመኪና መምጣት አይደለም። ያስጣለን የቀረጥ ሠንጠረዥና ከእሱ የተወለደው «ስትሸጥ ስንት ታወጣለች» የሚለው ስሌት ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን ያዩ አውሮፓውያን መንገደኞች እየደጋገሙ የጻፉት፣ ለእነሱ እንግዳ የሆነባቸው አንድ ነገር አለ፤ ጥሩ በቅሎ ከጥሩ ፈረስ የበለጠ ዋጋ ታወጣ ነበር። መኳንንቱ መንገድ ሲወጡ የሚቀመጡት በበቅሎ ሲሆን ፈረሱ እንደተጫነ በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። ካህናቱና ወይዛዝርቱም የበቅሎ ሰዎች ነበሩ። ምክንያቱ በከፊል የአገሩ አቀማመጥ ነው። ከጣና ዳር፣ ከፎገራ ሜዳ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰው ወደ 900 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ይወጣል፤ የጉናን ተራራ ለመሻገር ካሰበ ደግሞ ገና ጀመረ። የበቅሎ ሰኮና ጠባብና ጠንካራ፣ እርምጃዋም ጥንቁቅ ስለሆነ ድንጋያማ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ከፈረስ ትሻላለች። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ግን የጭነት በቅሎና የኮርቻ በቅሎ ዋጋቸው እኩል በሆነ ነበር። እኩል አልነበረም። ለኮርቻ የምትፈለገው ሰጋር ናት፤ በአንድ ጎን ያሉት የፊትና የኋላ እግሮቿ አብረው ስለሚነሱ የተቀመጠባትን ሰው አታነጥረውም፤ ቀኑን ሙሉ ውላ ወገቡን አታደክመውም። ሰጋሯም ሰጋር ያልሆነችውም ከቦታው ያደርሳሉ። ገዥው ትርፍ ገንዘብ የሚከፍለው በመንገዱ ላይ ለሚያገኘው ደስታ ነበር።

በባሕር ዳርና በወረታ መካከል ያለችውን ሐሙሲትን በመሰሉ የሳምንት ገበያዎች የከብት አዋቂ አንዲትን በቅሎ የሚመረምርበት ቅደም ተከተል ይህን በግልጽ ያሳያል። መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። የፊት የወተት ጥርሶች ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ጀምረው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይወድቃሉ፤ አምስት ዓመት ሲሞላት ሁሉም ተተክተው ያልቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋ የሚነበበው ጥርሱ ከመበላቱና ወደ ፊት ከማዘንበሉ ነው። ቀጥሎ ጀርባዋን በመዳፉ ይዳስሳል፤ የኮርቻ ቁስል የዳነበት ቦታ ላይ ነጭ ጠጉር ስለሚበቅል ሻጩ ቢደብቀውም ያ ነጠብጣብ ያሳብቅበታል። ከዚያ እግሯን አንስቶ ሰኮናዋን ያያል፤ ጉልበቷን በጣቶቹ ይጫናል። እስካሁን የታየው ጤናዋ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ኮርቻ ተጭኖ፣ ሰው ተቀምጦባት፣ መጀመሪያ በሜዳው ቀጥሎም በዳገቱ ስትሄድ ይታያል። ሳትሄድ ታይታ የተገዛች የኮርቻ በቅሎ ገዥዋ ወይ ዘመድ ነው ወይ ሞኝ። ይህ ሥርዓት የተጻፈ ሕግ ሳይኖረው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ እውቀት ነው፤ እውቀትነቱም በወጉ ሊከበርለት ይገባል።

ለዚህ ክርክር የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከፈረሱ በኩል ነው። ፈረስ የጦርነትና የማዕረግ መሣሪያ እንጂ የደስታ ነገር አልነበረም ይባላል። ተቃውሞው መሠረት አለው። ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ራስ ጉግሣ መርሶም ሆኑ እዚያው የተቀመጡት የልጅ ልጃቸው ራስ አሊ ኃይላቸው የጦር ፈረሰኛ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው፤ አፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» እንደተባሉ ሁሉ። ነገር ግን ፈረስ ለጦርነት ብቻ ተፈልጎ ቢሆን ኖሮ የጦርነት ጥቅሙ ሲያበቃ ልማዱም አብሮ ባበቃ ነበር። የጥቅሙ ማብቂያ ደግሞ ከዚሁ አገር ጋር የተያያዘ ነው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሲዋጉ ከአዲስ አበባ የተላከው ጦር አውሮፕላን ይዞ መጣ፤ ራስ ጉግሣም በዚያ ውጊያ ሞቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጣሊያን በካሚዮን ጎንደር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ታቦርን ያዘ። ፈረስ ከጦር ሜዳ ወጣ፤ ከደብረ ታቦሩ አጅባር ሜዳ ግን አልወጣም። ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር ሲከበር የፈረስ ጉግሱ ዛሬም አለ። አሳዳጁ በትሩን ሲወረውር ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፤ ፈረሱን በልጓም ብቻ ሳይሆን በጉልበቱና በሰውነቱ ዝንባሌ ያዞረዋል። እዚያ ሜዳ ላይ የሚደነቀው ፈረስ ቀጥ ብሎ ከሁሉ የሚቀድመው ብቻ አይደለም። ፈጥኖ የሚቆም፣ በጠባብ ቦታ የሚዞር፣ ከዞረ በኋላ ወዲያው የሚነሣ ፈረስ ነው የሚመሰገነው። የጂቲአይ ወዳጆች መኪናቸውን የሚያመሰግኑበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይደለም።

መንገዱን ስናይ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። የዚህ አገር መንገዶች በታሪካቸው የተሠሩት ለከባድ ነገር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ያሠሩትን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ ይዘው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ሲነሡ ለመንኮራኩር የሚሆን መንገድ አልነበረም፤ ዓለቱን እያፈነዱ፣ ገደሉን እየሞሉ፣ ራሳቸውም በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። የጨጨሆን ዳገት የወጣው ያ መድፍ የተጎተተበት አቅጣጫና በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርገው ወልድያ ያደረሱት መንገድ በብዙ ቦታ ይቀራረባሉ። በመካከሉ የጣሊያን መንገድ ነበር፤ እሱም የተሠራው ለጦር ካሚዮን ነው። መድፍ፣ ካሚዮን፣ እህል የጫነ ተሳቢ፤ መንገዱ ለእነዚህ ተጠረገ። ተራራን ለጫነ ተሽከርካሪ መጥረግ ማለት ግን ቁልቁለቱን ለማለዘብ መጠምዘዝ ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ሳያስበው፣ ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው 42 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለቀላልና አጭር መኪና የተመቸ ሆኖ ተገኘ።

ትንሿ መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባችው በጣሊያኑና በደርግ ዘመኑ መንገድ መሐል ባለው ጊዜ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣችው ፊያት 600፣ የአዲስ አበባ ሰው ሰይቼንቶ ያላት፣ 633 ሲሲ ሞተሯ ከኋላ፣ ክብደቷም ከ600 ኪሎ በታች ነበር፤ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆና ከተማውን አገለገለች። የጣሊያኑ አባርት ኩባንያ ይህችኑ መኪና እየፈታ ለውድድር ሲያበቃት የኖረ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ደካማ የምትመስለው የታክሲ መኪና ጥሩ አካሄድ እንደነበራት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከእሷ ጋር ቮልስዋገን ነበረች፤ ራዲያተር ስለሌላት ዳገት ላይ ውሃ የማትጠይቅ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህች መኪና ነው፤ የመኪናዋ ስም በታሪካችን የተያዘው በዚያ አሳዛኝ ጠዋት ሆኖ ቀረ። ጎረቤት አገር ግን በሌላ ነገር ነው የሚያስታውሳት። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያዳርስ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1962 እ.ኤ.አ. አንደኛ የወጣችው ቮልስዋገን ናት። ጭቃና ኮረት በበዛበት ደጋማ መንገድ ላይ ቀላሏ ባለ ብዙ ጉልበቶቹን አለፈቻቸው። በሰጋር በቅሎ ዘመን የነበረው ፍርድ በሞተር ዘመንም ትክክል መሆኑ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተረጋገጠ ማለት ነው።

ታዲያ እኛ ዘንድ መስፈርቱ ለምን ጠፋ? መልሱን የማገኘው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት እስከ 1300 ሲሲ ያለች መኪና 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 ያለች 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለች 100 በመቶ ትከፍል ነበር። ይህ ታክስ ይሰላ የነበረው 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ከተጨመረ በኋላ ነው፤ ከእሱ በላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይመጣ ነበር። ወደብ ላይ 100 ሺህ ብር የሚገመቱ ሦስት መኪኖችን ብንወስድ፣ 1300 ያልሞላችው በእነዚህ አራት ክፍያዎች ብቻ 222 ሺህ ትደርስ ነበር፤ 1500 የሆነችው 273 ሺህ፤ 2000 የሆነችው 342 ሺህ ገደማ። አሁን ቶዮታ ቪትዝን እንመልከት። በ1999 እ.ኤ.አ. ስትወጣ የ1000 እና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ከ1300 በጥቂት ያነሰ ሞተር ነበራት፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የ2000ን የዓመቱ መኪና ሽልማት ወስዳለች። የዚህችው መኪና ወንድም የሆነው «አርኤስ» የተባለው ዓይነት 1500 ሲሲና ወደ 110 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ይኸውም የመጀመሪያዋ ጂቲአይ የነበራት ጉልበት ማለት ነው። ዋጋው ከታናሹ ብዙም ሳይርቅ፣ የሠንጠረዡን መስመር በ200 ሲሲ ስላለፈ ብቻ የኤክሳይዝ ታክሱ እጥፍ ሆነበት። አስመጪው ታናሿን አመጣ፤ አገሩን ቪትዝ ሞላው። ማንም ሰው «እኛ ለመንዳት የምታስደስት መኪና አንፈልግም» ብሎ አልወሰነም፤ ሠንጠረዡ ወሰነለት።

ቀጥሎ የመጣው ይህን አጸናው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ የኤክሳይዝ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆነች በቀር የቤት መኪና ከውጭ እንዳትገባ ታገደ። የሁለቱም ዓላማ በበጎ ሊታይ ይችላል፤ ጭስን መቀነስ፣ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ማዳን። ውጤቱ ግን አገር ውስጥ ያለችው ቤንዚን መኪና ከማርጀቷ ይልቅ መወደዷ ነው። መኪና የባንክ ደብተር ሆነች። ገዥው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀለሟ ነጭ ነው ወይ»፣ «ኮድ ሁለት ናት ወይ»፣ «ስሸጣት ታወጣለች ወይ» ሆነ፤ ስለ መሪዋ፣ ስለ ፍሬኗ፣ ስለ አካሄዷ የሚጠይቀው ቀርቶ ደላላው ራሱ ስለ እነዚህ ማውራት ትቷል።

«ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው መለዋወጫ የሚገኝላትን፣ በየጋራዡ የምትታወቀውን፣ ነገ የሚገዛት የማይጠፋውን ቢመርጥ ምን ያስወቅሰዋል?» የሚለኝ ይኖራል። አያስወቅሰውም። ባሕር ዳር ሄዶ ዕቃ ሳያጣ የሚመለሰው የቪትዝና የኮሮላ ባለቤት ነው፤ ብርቅ ሞዴል የያዘ ሰው አንድ ዳሳሽ እስኪመጣለት ወር ሊያቆማት ይችላል። የበቅሎ ገዥውም ጤናዋን ሳያይ ስግሪያዋን አላየም፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። የእኔ ቅሬታ ሰው ቪትዝ መግዛቱ ላይ አይደለም። ቅሬታዬ ከሁለት ቪትዞች መካከል ሲመርጥ የላሜራዋን መወልወል አይቶ መወሰኑ፣ ከገዛም በኋላ ስቱኮና ቀለም ላይ አውጥቶ ያለቀ ጎማና የላላ የእግር ሞላ ይዞ ዓመታት መንዳቱ ላይ ነው። የአንዲት ቀላል መኪና ደስታዋ ያለው ከጎማና ከመሪ፣ ከሞላና ከፍሬን ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከቀለም አይወደዱም።

ጉልበት የሚሉት ነገር በዚህ ደጋ ምን ያህል እንደሚያታልልም ማወቅ ይገባል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም አየሩ በሳሳ ልክ ጉልበቱን ያጣል። በፋብሪካው ወረቀት 87 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 1300 ቪትዝ ደብረ ታቦር ስትደርስ ወደ 65 ትወርዳለች፤ ባለ 1000ዋ 70ው ወደ 50 ይጠጋል። ይህ ከሆነ በሞተር ልዩነት ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ለዚህ አገር ሰው ትርፉ አነስተኛ ነው። ክብደቷ ግን በከፍታ አይጨምርም፤ ፍሬኗና መሪዋም ከአየሩ ጋር አይሳሱም። በእጅ የምትቀየር ማርሽ ያላት ባለ 1300 ከሆነች ነጂው የቀረውን ጉልበት በትክክለኛው ማርሽ ሊያወጣው ይችላል፤ በዚያ መንገድ ላይ የመንዳት ጥበብም ደስታም ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ በኩል ታስቀናለች፤ ሞተሯ አየር ስለማይፈልግ ጉና ላይም ባሕር ዳርም ጉልበቷ አንድ ነው። ባትሪዋ ግን ከባድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ኃይል መሙያ ማግኘትም ገና ችግር ነው። ያገለገሉት ወደ ደጋው በብዛት ሲደርሱ ይህን ሚዛን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። እናት ልጇን አዝላ፣ እረኛ ከብት እየነዳ፣ ተማሪ ደብተሩን ይዞ በሚሄድበት ጠርዝ ስለ ደስታ መንዳት ማውራት ኃላፊነት የጎደለው አይደለም ወይ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ፣ ሰው ለሕክምና እንኳ መድረስ ሲያቅተው ስለዚህ መጻፍ ተገቢ ነው ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ያመኛል፤ ሰላም ከሌለ መንገድም የለም፣ ደስታም የለም። ቢሆንም የአገሩ ሰው በክፉ ዘመንም የጉግስ ሜዳውን አልተወም፤ ሰላም ሲመለስ የሚቀጥል ነገር እንዲኖር እውቀቱ በጽሑፍ መያዝ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለመጀመሪያው ግን መልስ አለኝ። ጉግስ ሜዳ ነበረው፤ ገበያ መሐል የሚጋልብ ፈረሰኛ ጀግና አልተባለም። ሰጋር በቅሎም የተወደደችው በፍጥነቷ አልነበረም። ደስታን ከፍጥነት ጋር አንድ ያደረግነው አካሄድ የሚለውን መስፈርት ከጣልን በኋላ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መታጠፊያውን በልኩ ይዞ የሚያልፍ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳያጋይ በማርሽ የሚወርድ ነጂ ከሚያበርረው የበለጠ ያውቃል፤ እግረኛውም የሚድነው በእሱ እጅ ነው። ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ያላት መኪና የምታስደስተውም፣ ድንገት ከብት ሲገባ የምትቆመውም በአንድ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ገንዘባችሁ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ወጣቶች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ አግኙት። ስትነሣ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ትበላለች፤ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ወሬውን እዚያው አቁሙ። ከዚያ መካኒክ ይዛችሁ ዳገት ያለበት መንገድ ውሰዷት፤ ለደቡብ ጎንደር ሰው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው በቂ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣ ፍሪሲዮኗ ሳይንሸራተት፣ ስትወርድ መሪዋ ሳይስብ፣ ፍሬን ስትይዙ ሳትንቀጠቀጥ፣ ኮረት ላይ ከእግሯ ኳኳታ ሳይሰማ ከተመለሰች፣ ቀለሟ የደበዘዘ ቢሆንም ግዟት። ሻጩ መንገድ ለማውጣት እንቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።